ያልሰማችው ጥያቄ

ዶክተር እድላዊት ለናይሮቢ መመረጧን ለቶማስ ልትነግረው መርካቶ የገባችው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። አብነት ሰፈር ከታክሲ ወርዳ በሰው መሀል እየተጋፋች ስትሄድ ከየት እንደምትጀምር አሰበች። «አንድ ነገር ልነግርህ ነው» ብትለው ይደነግጣል። «ደስ የሚል ዜና አለኝ» ብትለው ውሸት ይሆናል። ደስታውን ፈልጋ አላገኘችውም። ኢሜይሉን ካነበበች ጀምሮ ይመጣል ብላ ስትጠብቀው ሰነበተች፤ አልመጣም። ኀዘንም አልመጣም።

ቶማስ የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አባቱ ሲሞቱ ከአሥረኛ ክፍል ወጥቶ ከእናቱ ከእትዬ ሠርኬ ጋር ሱቁን ያዘ። የያኔዋ ጠባብ ሱቅ ዛሬ ሰፍታ፣ ዕቃውን ከቻይና ራሱ እየተመላለሰ ያስመጣል። እድላዊት ያን ጊዜ ከፊቱ ባለው ዴስክ የምትቀመጥ፣ የተክለ ሃይማኖቱ ልብስ ሰፊ የአቶ ወልደ ሚካኤል ልጅ ነበረች። ቶማስ ትምህርት ቤቱን የለቀቀ ቀን ደብተሮቹን ሰብስቦ ሰጣት፤ ያልተጻፈባቸው ገጾች ብዙ ነበሩ። ፍቅራቸው የተጀመረው እንዲያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መጠበቅ ነበር። ሕክምና ትምህርት ቤት ስትገባ «ይሄ ካለቀ በኋላ እንጋባለን» ተባባሉ። አለቀ፤ ገጠር ተመደበች። ከገጠር ተመልሳ የሕፃናት ሐኪም ለመሆን እንደገና ተማረች። እሱም አለቀ። ከዚያ ደግሞ ናይሮቢ ላይ ሐኪሞችን በልጆች የስኳር ሕመም የሚያሠለጥን የምርምር ፌሎሺፕ መጣና አመለከተች። «ይሄ የመጨረሻው ነው» ስትለው ቶማስ ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

እትዬ ሠርኬ ግን ከመጀመሪያውም አልሳቁም። ክፉ ሴት አይደሉም። ልጃቸው ከሱቅ መጥቶ ብቻውን ራት ሲበላ ማየት ነው የከበዳቸው። «ዶክተር ሚስት ማለት የጎረቤት መብራት ናት» ይሉታል። «ታያታለህ እንጂ አታበራልህም።»

እድላዊት በሆስፒታሏ የያዘችው ጥናት ቀላል ጥያቄ ነበረው። ስኳር የያዛቸው ልጆች ሕመማቸው ሳይታወቅ ስንት ቦታ ይንከራተታሉ? ስኳር የትልልቅ ሰዎች በሽታ ነው እየተባለ፣ ልጁ ውሃ ውሃ ሲል፣ ሲከሳ፣ ሲያስመልሰው፣ አንዴ የወስፋት አንዴ የታይፎይድ መድኃኒት እየተሰጠው ቀኑ ያልፋል። እሷ ዘግይተው ሆስፒታል የደረሱትን ልጆች እናቶች እየፈለገች ትጠይቃለች። ከእናቶቹ አንዳንዶቹ ልጃቸውን ይዘው ወደ ቤት ተመልሰዋል። አንዳንዶቹ ብቻቸውን ተመልሰዋል።

«ውሃ ማብዛት የጀመረው መቼ ነበር?» የመጀመሪያው ጥያቄዋ ይህ ነው። ሥራውን ስትጀምር ከእናቶቹ ጋር አብራ ታለቅስ ነበር። አማካሪዋ፣ «ካለቀስሽ ጥያቄውን አትጨርሺውም» አሏት። እውነታቸውን ነው። ማልቀሱን ተወችው። በክረምቱ አንድ ቀን አንዲት እናት የተጠየቀችውን ሁሉ መልሳ፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ «ዶክተር፣ አንቺ አልወለድሽም አይደል?» አለቻት። በክፋት አልነበረም። እድላዊት «አልወለድኩም» ብላ ቀጣዩን ጥያቄ አነበበች። ያን ቀን ራት አልጣፈጣትም። ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ጣፍጧት አያውቅም።

ሱቁ ደጃፍ ስትደርስ ቶማስ ለአንዲት ደንበኛ ጨርቅ እየለካ ነበር። ቀና ብሎ አያት። ድሮ እንዲህ ሲያያት ጆሮዋ ድረስ ይሞቃት እንደነበር አስታወሰች። አሁን ቶማስ ነው፣ ጸጉሩን ተቆርጧል፣ ብላ ብቻ አሰበች።

«ተመረጥኩ» አለችው ደንበኛዋ ስትወጣ።

«ናይሮቢ?»

«አዎ። አንድ ዓመት።»

ቶማስ ሜትሩን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። «እንኳን ደስ አለሽ» ብሎ እጁን ዘረጋላት። ሰው ፊት ስለነበሩ ይሁን ሌላ፣ እንደ ደንበኛ ጨበጣት።

እትዬ ሠርኬ ከጥጉ ከዱካቸው ላይ ሆነው ሰሙ። «ዶክተርዬ፣ አሁንም ትምህርት? መጨረሻ የለውም እንዴ?»

«አለው እትዬ።»

«እንግዲህ እግዜር ያስጨርስሽ።»

ቶማስ ጣቃዎቹ ወደ ተከመሩበት ወደ ጓሮው በር ወሰዳት። እዚያ የእህቱ የፍቅርአዲስ ልጅ እምነት በአንድ ጣቃ ላይ ተቀምጣለች። እናቷ ዱባይ ሥራ ላይ ስለሆነች የአሥር ዓመቷን ልጅ የሚያሳድጓት አያቷና አጎቷ ናቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቅ ትውላለች። የሃይላንድ ውሃ በሁለት እጇ ይዛ ትጠጣ ነበር።

«እድል» አለ ቶማስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እማዬ ነገ ሽማግሌ ልትልክ ነው። ኮልፌ ካሉ ሰዎች ዘንድ። ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ጥሩ ልጅ ናት። እኔ ግን እስከ ዛሬ እሺም እንቢም አላልኩም። አንቺን ልጠይቅሽ ስለፈለግኩ ነው። ተው በይኝ። አንድ ቃል ብቻ በይኝና እተወዋለሁ።»

እድላዊት አልሰማችውም። እምነት የመጀመሪያውን ውሃ ጨርሳ፣ ከአጠገቧ ያለውን ሌላ ከፍታ፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ስትጨልጠው እያየች ነበር። የልጅቷ ቀሚስ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥሏል። ደረቷ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሮጠች ልጅ ይመስላል። ግን አልሮጠችም፣ ተቀምጣለች።

«ይህች ልጅ ውሃ ማብዛት የጀመረችው መቼ ነው?» አለች እድላዊት።

ቶማስ እንደ ተመታ ሰው ቆሞ ያያታል። እሷ አልፋው ሄደች።

እትዬ ሠርኬ ናቸው የመለሱት። «ሰሞኑን ነው። ከሐሙስ ጀምሮ ደግሞ ያስመልሳታል። እዚህ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡን። ምነው?»

«አልጋ ላይስ ትሸናለች?»

እምነት አፍራ አንገቷን ደፋች። አያትየው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እድላዊት ጎንበስ ብላ የልጅቷን ትንፋሽ አሸተተች፤ የበሰለ ፍሬ ሽታ አለው። ለጥናቷ የምትይዘውን የስኳር መለኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ጣቷን ወጋች። ማሽኑ ቁጥር አላሳየም። ስኳሩ ከሚለካው በላይ ሲሆን የሚጽፈውን ቃል ጻፈ።

«አሁኑኑ ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«መድኃኒቱን ትጨርስ ብለውናል እኮ» አሉ እትዬ ሠርኬ።

«እትዬ፣ ታይፎይድ አይደለም። ስኳር ነው። ዛሬ ካልታከመች ላትተርፍ ትችላለች።»

ቅዳሜ በዚያ ሰዓት መኪና ወደ ሱቁ አይገባም። ቶማስ ልጅቷን አቅፎ ወጣ። ጭነት የተሸከሙ ሰዎች አይተውት መንገድ ለቀቁለት፤ አንዱ ሸክሙን መሬት አውርዶ «ገለል በሉ፣ ልጅ ታማለች» እያለ ከፊት ከፊት ይመራቸው ጀመር። እድላዊት የእምነትን የእጅ አንጓ ይዛ፣ የልብ ምቷን እያዳመጠች ከጎናቸው ትሮጣለች። አውቶቡስ ተራ አካባቢ ታክሲ አገኙ። በመንገድ ላይ ቶማስ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አያት። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ አላያትም።

*

ሆስፒታል ሲደርሱ እምነት ዓይኗን መግለጥ አቅቷት ነበር። የልጅቷ ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ስላልቻለ የራሱን ስብ እያቃጠለ፣ ደሟ አሲድ ሆኗል። ፈሳሹም ኢንሱሊኑም በጥንቃቄ፣ ቀስ ተብሎ ነው የሚሰጠው፤ ከተፈጠነ አንጎል ያብጣል። እድላዊት ያን ቀን ተረኛ አልነበረችም። ግን ከአልጋው አጠገብ አልተነሳችም። ነርሶቹ ደሙን እየወሰዱ ውጤቱን ያሳይዋታል፤ እሷ ታያለች፣ ታስተካክላለች፣ ትጠብቃለች። የምትወደው ሰው የእህት ልጅ መሆኗን ታውቃለች፤ ግን የምታውቀው ስምና ዕድሜ እንደሚታወቀው ነው።

ቶማስ ኮሪደሩ ላይ ነበር። ግድግዳው ተደግፎ ስለ ራሱ ለማሰብ አፈረ፤ ግን አሰበ። የሕይወቱን ትልቅ ጥያቄ ጠይቋት፣ ከፊቱ ቆማ፣ ሌላ ጥያቄ ጠየቀችው። እሷ ባትመጣ ኖሮ እምነት ነገን አታይም ነበር። ልጅቷን ስላየች ሊያመሰግናት ይገባል። እሱን ስላላየችው ደግሞ ሊቀየማት ይፈልጋል። ሁለቱን ባንድ ልብ መያዝ አቃተው። ስልኩን አውጥቶ ለእናቱ ደወለና የነገው ሽማግሌ እንዳይሄድ ነገራቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት፣ «ልጅቷ ታማ የምን ሽማግሌ» አለ። እውነቱ ሌላ ነበር። ግን እውነቱን ለመናገር አቅም አልነበረውም።

እድላዊት ወጥታ «ደህና ትሆናለች» ስትለው፣ «እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አላት።

ዶክተር ብሎ ጠርቷት አያውቅም ነበር። ቃሉ ሲገባት ቆየ። ከገባትም በኋላ የሚሰማት ነገር ካለ ብላ ጥቂት ጠበቀች። ምንም። ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

*

እምነት አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ መብላት ከጀመረች በኋላ አንድ ከሰዓት እትዬ ሠርኬ ነጭ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። እድላዊትን ኮሪደሩ ላይ አግኝተው ሁለቱን ጉንጯን ሳሟት፤ ደግመው ሳሟት። ከዚህ በፊት ሲስሟት ጉንጫቸውን ያስነኳት ነበር እንጂ ከንፈራቸው ነክቷት አያውቅም።

«ልጄ» አሉ። «ካሁን በኋላ ልጄ ነሽ። አላወቅኩሽም ነበር። ሽማግሌውም ቀርቷል፤ ሌላ አልፈልግም። ቶማስን ውሰጂው። ለዚህ ውለታ እሱን ብሰጥሽ እንኳ አይበዛም።»

«የምን ሽማግሌ ነው እትዬ?»

እትዬ ሠርኬ ደነገጡ። «ቶማስ አልነገረሽም? ያን ዕለት ይነግርሻል ብዬ ነበር። በጓሮው በር ሲያወራሽ እኮ አይቻለሁ።»

እድላዊት የጓሮውን በር አስታወሰች። ጣቃዎቹን፣ የልጅቷን ትከሻ፣ የውሃውን ጠርሙስ ታስታውሳለች። የቶማስ ከንፈር ሲንቀሳቀስም ታስታውሳለች። የተናገረው ቃል ግን የለም። እዚያ ቦታ ላይ ባዶ ነው።

«እትዬ ሠርኬ» አለች በመጨረሻ። «እምነትን ያከምኳት ሥራዬ ስለሆነ ነው። የማንም ልጅ ብትሆን አክማት ነበር። ሰው ለውለታ አይሰጥም።»

«ጠላሽው ማለት ነው?»

«አልጠላሁትም።»

«ታዲያ ምን ሆነሻል ልጄ?»

ይህን ጥያቄ እድላዊት ለብዙ እናቶች መልሳ ታውቃለች፤ ልጅዎ እንዲህ ሆኗል፣ እንዲህ ይደረግለታል እያለች። ስለ ራሷ ግን የምትለው አጣች። የእትዬን እጅ ያዘች። እጃቸው ሻካራና ሙቅ ነበር። ሙቀቱ እጇ ላይ ቀረ፤ ወደ ውስጥ አልዘለቀም።

*

በማግስቱ ቶማስ መርፌ ሊማር መጣ። እምነት ከዚህ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋለች፤ የአያቷ ዓይን ደግሞ በመርፌው ላይ ያሉትን ቀጫጭን መስመሮች አያይም። ማስተማር የነርሷ ሥራ ነበር። ያን ቀን ግን ነርሷ ሌላ ልጅ ይዛ ስለነበር፣ እድላዊት ገባች።

እምነት እየተመለከተቻቸው ነው። እድላዊት መርፌውን ሰጠችውና ጣቱን በጣቷ ይዛ አሳየችው። «እንዲህ ቆንጠጥ አድርገህ ያዘው። ቆዳውን ብቻ። ከዚያ ቀጥ አድርገህ።»

«መጀመሪያ ራሴ ላይ ልሞክረው» አለ ቶማስ። መድኃኒት የሌለበት መርፌ ሰጠችው። ሸሚዙን ገለጥ አድርጎ ሆዱ ላይ ወጋ። ፊቱ አልተለወጠም። ወደ እምነት ዞሮ፣ «አየሽ? ምንም አያምም» አላት።

«እንደሱ አትበላት» አለች እድላዊት። «ያማል። ትንሽ ነው፣ ግን ያማል። ነገ ሲያማት አንተን ማመን ትተዋለች።»

ቶማስ እንደገና ወደ ልጅቷ ዞረ። «እሺ። ያማል እምነት። ትንሽ ያማል።»

«አውቃለሁ» አለች እምነት። «ተወግቼ የለ።»

ልጅቷን ወግቶ፣ መርፌውን በመጣያው ከቶ፣ እጁን ታጠበ። እድላዊት ስትወጣ ተከተላት። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታያል፤ አስታማሚዎች ሣሩ ላይ ልብስ አስጥተዋል።

«ጠይቄሽ ነበር» አላት።

«እትዬ ነገሩኝ። ምን ብለህ እንደጠየቅከኝ ግን አላውቅም። አልሰማሁህም ቶሚ።»

«አውቃለሁ። እምነትን ስታዪ ነበር።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። «ሌላ ሐኪም ቢሆን ልጅቷን አያያትም። ሌላ ሴት ብትሆን ደግሞ እኔን ታየኝ ነበር። ሳስበው ሰነበትኩ። የቱ ይሻለኛል ብዬ። አንቺ በመሆንሽ እምነት በሕይወት አለች፤ ስለዚህ አልማረርም። ግን ተው በይኝ ብዬሽ ነበር። አንድ ቃል ነበር የለመንኩሽ።»

እድላዊት መስኮቱን ይዛ ቆመች። ልቧ ሊሰበር የሚገባው አሁን እንደሆነ ታውቃለች። ጠበቀችው።

«አንተ ላይ ብቻ አይደለም» አለች። «ምንም አይሰማኝም። ከክረምት ጀምሮ ነው። እናቶቹን እጠይቃለሁ፤ ይነግሩኛል፤ እጽፋለሁ። እንዳላለቅስ ብዬ አንድ ነገር ዘጋሁ። የዘጋሁት ለእነሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ሁሉም ተዘጋ። ስመረጥ አልተደሰትኩም። እምነት ስትተርፍ አልተደሰትኩም። ትናንት እናትህ ውሰጂው ሲሉኝ፣ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፣ እንደ መንገድ ላይ ወሬ ሰማሁት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዴት ብዬ? ጨነቀኝ ለማለትም እኮ መጨነቅ ያስፈልጋል።»

ቶማስ ሊያቅፋት እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። በገዛ አካሏ ውስጥ የሌለችን ሰው ማቀፍ አስፈራው።

«ሽማግሌውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ» አለ። «እማዬ ላንቺ ውለታ የቀረ ይመስላታል። አይደለም። ላንቺ ብዬም አይደለም። ያቺ የታሰበችልኝ ልጅ ምን አድርጋኝ ነው ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ሰው የምሰጣት? አጠገቡ ተቀምጠሽ የማታገኚው ሰው እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። ለሰው አልመኘውም።»

ይህን ብሎ ወደ እምነት ክፍል ተመለሰ።

እድላዊት እዚያው ቀረች። የተናገረው ነገር የሚያም ነገር ነው፤ ታውቃለች። የሚያም ነገር ተነግሯት አላመማትም። ያን ጊዜ ፈራች። እንዲህ ሆና ናይሮቢ ትሄዳለች፣ እንዲህ ሆና ትመለሳለች፣ እንዲህ ሆና ታረጃለች። ፍርሃቱ ትንሽ ነበር። ግን ከክረምት ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበርና፣ እንዳይጠፋባት ብላ ከመስኮቱ ሳትንቀሳቀስ ቆየች።

*

እምነት ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ፣ የጉዞዋ ቀን ሲቃረብ፣ እድላዊት ዳግመኛ መርካቶ ገባች። ቅዳሜ ነው። ሱቁ በደንበኛ ተሞልቷል። እትዬ ሠርኬ ዱካቸው ላይ፣ እምነት ባንኮኒው ኋላ ናቸው። ቶማስ አንዲት ሙሽራ ከእናቷ ጋር የመረጠችውን ጨርቅ እየቆረጠ ነበር። እድላዊትን ሲያይ መቀሱ ቆመ።

«ጓሮ እንግባ?» አላት።

«አይ። እዚሁ ይሻላል» አለች።

ሙሽራይቱና እናቷ ተያዩ። እድላዊት ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም፤ እንዲህ የምትናገር ሴትም በአባቷ ቤት ያደገች ልጅ አትመስላትም ነበር።

«ልሰናበትህ አልመጣሁም» አለችው። «ጠብቀኝ ልልህ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት ስትጠብቀኝ አንድም ቀን ጠብቀኝ ብዬህ አላውቅም። አስበኸው ታውቃለህ? እኔ ያሰብኩት ሰሞኑን ነው። አንተ ዘንድ ስመጣ ሱቁ ክፍት ሆኖ እንደማገኘው ሁሉ፣ አንተንም አገኝሃለሁ ብዬ እንደ ግድግዳ ቆጠርኩህ። ይሄን ስልህ ልቤ አይመታም፤ አልዋሽህም። ግን ከማንም ጋር ዝም ብዬ መቀመጥ አልፈልግም፣ ካንተ ጋር እንጂ። እሱን አውቃለሁ። የማውቀው እሱን ብቻ ነው። ጠብቀኝ።»

ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ፣ አንድ የአይሱዙ ጭነት መኪና ጥሩንባውን እየነፋ መንገድ ይለምናል።

«አልጠብቅም» አለ ቶማስ።

እድላዊት ራሷን ነቀነቀች። «እሺ» አለች። መብቱ ነው። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ዞረች።

«አልጨረስኩም እኮ» አለ። «ናይሮቢ በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ገደማ።»

«እኔ ለጨርቅ ብዬ ቻይና ድረስ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጬ እሄዳለሁ።» መቀሱን አስቀመጠ። «ገጠር ስትመደቢ አትምጣ፣ መንገዱ መጥፎ ነው አልሽኝ፤ እሺ አልኩ። ሆስፒታል ስታድሪ አትምጣ፣ አልመችም አልሽኝ፤ እሺ አልኩ። ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እዚህ ተቀምጬ ጠበቅኩሽ፤ አንቺም እዚያ ብቻሽን ሆነሽ የሆንሽውን ሆንሽ። እኔ ሳላይሽ። መጠበቅ በቃኝ እድል። አልጠብቅሽም፤ እመጣለሁ። ሳትጠሪኝ እመጣለሁ። ሲሰማሽም ሳይሰማሽም እፊትሽ ቁጭ እላለሁ።»

«ብትመጣ እንኳ ምንም ላይሰማኝ ይችላል።»

«ይቻላል። እሱን እዚያው ሆነን እናያለን።»

«ሱቁስ?» አሉ እትዬ ሠርኬ። ያሳሰባቸው ግን ሱቁ እንዳልሆነ ሁሉም አወቁ። «ልጅቷስ? ማን ይወጋታል?»

«እኔ ራሴ እወጋለሁ» አለች እምነት ከባንኮኒው ኋላ። «ሲስተር አስተምራኛለች። መስመሩን ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ፤ እርስዎ አጠገቤ ሆነው ይሰሙኛል። አይደል ዶክተር?»

«ትችላለች» አለች እድላዊት። «አንድ ሰው አጠገቧ ይሁን እንጂ ትችላለች።»

እትዬ ሠርኬ የልጅ ልጃቸውን አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። በመጨረሻ እድላዊትን አዩ፤ እንደ ዶክተር አይደለም፣ የልጅ ልጃቸውን እንዳተረፈች ሰውም አይደለም። ከስታ ነበር። ጸጉሯን ቸኩላ ነው ያሰረችው። የሰው ፊት የሚያነብቡ ነጋዴ ሴት ናቸውና፣ ምን ያህል እንደደከመች አሁን ገና ታያቸው።

«እንግዲያው ባዶ እጅህን አትሂድባት» አሉት ቶማስን። «መጋረጃ ይዘህላት ሂድ። የኪራይ ቤት መስኮት ራቁቱን ነው፤ ሰው ቤቴ ነው ብሎ አይተኛበትም።»

ቶማስ ሜትሩን አነሳ። «መስኮትሽ ስንት በስንት ነው?» አላት። ሊቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀም።

«አላየሁትም ገና» አለች እድላዊት።

ሌላም ልትል ነበር። ለክታ እንደምትልክለት፣ ምን ዓይነት ቀለም እንደምትወድ። ግን ቀለሙን ስታስብ፣ ተቀምጦ የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚወጋው ያለ ነገር ከደረቷ ሥር ተነሳ። ደስታ አልነበረም። ያማት ነበር፤ ሕመሙም ትንሽ አልነበረም። በሙሽራይቱ፣ በእናቷ፣ በእትዬ ሠርኬ ፊት ባንኮኒውን ተደግፋ አለቀሰች፤ የክረምቱን እናቶች አንድ በአንድ፣ ልጆቻቸውን በየስማቸው እያስታወሰች፣ ሳታፍር አለቀሰች። ቶማስ በባንኮኒው ላይ እጇን ያዘው። እጁ ሙቅ ነበር፤ ሙቀቱም ቀስ እያለ፣ እያመማት፣ ወደ ውስጥ ይገባ ጀመር።